የዓመት ፈቃድ

ጓድ እምሩ አፉ ውስጥ ያለውን ንፍሮ ሳይውጥ፣ «ምን ይደረጋል እህት ቆንጅት፣ የእግዜር ፈቃድ ነው» አለ። አንዲት የሽምብራ ልጣጭ ከከንፈሩ ተፈናጥራ የቆንጅት ጥቁር ቀሚስ ላይ አረፈች። ቆንጅት ልጣጯን አየቻት እንጂ አላራገፈቻትም። ከእሱ አፍ የወጣ ነገር በእጇ መንካት ቀፈፋት።

ሰውየው የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ነው። በየስብሰባው እግዜር የሚባል ነገር የለም እያለ ሠራተኛውን ሲያደነቁር የኖረ ሰው፣ ለቅሶ ቤት ሲደርስ እግዜርን ከየት እንዳመጣው እንጃ። ባሏ በፍቃዱ እዚያው ማተሚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ፊደል ሲለቅም ኖሮ፣ ባለፈው ረቡዕ ከፊደል ሳጥኑ አጠገብ ተዘርሮ ቀረ። ልቡ ነው አሉ። ሐኪሙ ዕረፍ ካለው ወር አልፎታል።

ዛሬ እሑድ፣ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነው። የሐምሌ ዝናብ ድንኳኑን እያንጠባጠበ ስላስቸገረ ወንዶቹም ውቤ በረሃ ጥግ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። እምሩ በእነዚህ ቀናት ሁሉ አንዴም አልቀረም። ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ይሄዳል፣ በመሀል ይበላል። ጎረቤቷ እትዬ ተናኘወርቅ፣ አለቃ ሥራውን ጥሎ እንዲህ ሲያስተዛዝን በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁ ትናንት በጆሮዋ ነግረዋታል። ቆንጅትም አምና ነበር። እንዲያውም ሰውየውን ያለ ጥፋቱ ጠልቼዋለሁ ብላ ተጸጽታ፣ አጎንብሳ አመስግናዋለች።

ቴሌቪዥኑ ጥቁር ነጠላ ለብሶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሐዘን የገባበት ቤት ወጉ ነው። ይሁንና ከገቡት ሰዎች ግማሾቹ ዓይናቸው ከሟች ፎቶግራፍ ይልቅ ወደዚያ ነጠላ እንደሚሄድ ቆንጅት ልብ ብላለች።

እሷና በፍቃዱ የተገናኙት ቴሌቪዥን ፊት ነው። በስልሳ አራት የክረምት መውጫ፣ የሙኒክ ኦሎምፒክ ሰሞን፣ ዝናብ ሸሽታ ፒያሳ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ደጃፍ ብትጠጋ፣ አንድ ቀጭን ልጅ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ከውስጥ የተከፈተውን ቴሌቪዥን ያያል። መስታወቱ በእስትንፋሱ ደብዝዟል። ሲያያት መስታወቱን በእጅጌው ጠረገላትና ፈንጠር ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ስለ ሩጫ አንድም ነገር አታውቅም ነበርና፣ የኛ የቱ ነው ብላ ጠየቀችው። እስከ ቤቷ እየሸኘ ሲያስረዳት ሁለቱም በስብሰው ገቡ።

ከተጋቡ በኋላ አገር ለቆ ከሚሄድ አንድ አርመን ይህን ቴሌቪዥን ገዛ። በስልሳ ስምንት ለሞንትሪያሉ ኦሎምፒክ ብሎ የዓመት ፈቃዱን ወሰደ፤ ያን ጊዜ ደግሞ አገሪቱ አልሳተፍም ብላ ቀረች። በፍቃዱ ሻዩን ይዞ የሰው አገር ሯጮች እያየ ፈቃዱን ጨረሰ። የፒያሳ ጓደኞቹ፣ በፍቃዱ ፈቃድ ወጣ፣ አገሩ ያለ ፈቃድ ቀረ እያሉ ዓመት ሙሉ ሳቁበት። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ሞስኮ ይምጣ ብቻ ይላቸዋል።

ሞስኮ መጣ። በፍቃዱ የሐኪሙን ወረቀት አያይዞ ከሐምሌ ሰባት ጀምሮ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ጠየቀ። ማመልከቻው በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበት ተመለሰ። ቆንጅት ያገኘችው ከሞተ በኋላ ነው፣ ከኮቱ ኪስ፣ አራት ቦታ ታጥፎ። ከዚያ ወዲህ ከደረቷ አልተለየም።

ምሽቱ ሲዳረስ እምሩ ሰዓቱን አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዛሬ እኮ የአሥር ሺው ፍጻሜ ነው» አለ። ሲያንጎላጁ የነበሩት ወንዶች ሁሉ ነቁ። «ነፍሱን ይማረውና፣ በፍቃዱም ቢኖር ደስ ይለው ነበር። ትንሽ ብንከፍተው ምን ይመስልሻል? የኔውን ቴሌቪዥን መብራት አቃጠለብኝ፤ ፈቃዴም ዛሬ ማለቁ ነው፣ ነገ ሥራ ልገባ።»

ቆንጅት ቀና አለች። «ፈቃድ ላይ ነዎት እንዴ?»

«አዎ፣ ከሐምሌ ሰባት ጀምሮ» አለና ንፍሮውን ዘገነ። «ሁለት ሳምንት ምን አላት፣ ሄደች።»

ሥራውን ጥሎ አይደለም የመጣው፤ በባሏ ቀናት ነው ሲመጣ የከረመው። የሚያላምጠው መንጋጋው፣ ጨው ያጣበቀው ጣቱ፣ ሰዓቱን ለማየት የሰበሰበው እጅጌው፣ ሁሉም አስጠላት። ዞር ብላ ሰዎቹን አየች፤ አንድ ሰው ነውር ነው ይላል ብላ ጠበቀች። ወንድሟ ገዛኸኝ መሬት መሬት ያያል። እትዬ ተናኘወርቅ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ለአገር ክብር እስከሆነ ድረስ ነፍሱም አትቀየም ብለው አጉረመረሙ። እነሱም አስጠሏት። ከሁሉ በላይ የገዛ ራሷ አስጠላቻት፤ ለዚህ ሰው አጎንብሳለች፤ ደግሞም ማን እንደሚያሸንፍ ማወቅ ፈልጋለች።

ተነሳችና ነጠላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ ገፈፈች። ወንበሮች ተንኳኩ፣ ሰው ቦታ ቦታውን ያዘ።

«ገዛኸኝ፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

ወንድምና እህት ተሸክመውት ወደ መኝታ ክፍሉ ገቡ። እምሩ በርጩማውን አንጠልጥሎ ተከተለ። ገዛኸኝ ነገሩ ሲገባው፣ ተይ፣ ሰውየው የትም ሰው አለው፣ ኋላ ያስለቅስሻል ብሎ አንሾካሾከላት። ቆንጅት ከዚህ በላይ የሚያስለቅስ አልታያትም። ወንድሟን ወደ ውጭ መራችውና በሩ ላይ ቆመች። ወረቀቱን ከደረቷ አውጥታ ለእምሩ ዘረጋችለት፤ የቀዩን እስክሪብቶ ጽሑፍም በቃሏ ወጣችው።

«በአሁኑ ጊዜ ለማንም አይሰጥም።»

እምሩ የገዛ ፊርማውን እያየ በርጩማውን እንዳንጠለጠለ ቀረ። እሷ በሩን ዘጋችው።

ኮቱ የተሰቀለበትን የበፍቃዱን ወንበር ስባ ቴሌቪዥኑ ፊት አደረገችው። ሶኬቱን ሰካች። መስታወቱ ቀስ እያለ ነጣ፤ የስታዲየሙ ሁካታ ቀደመ፣ ከዚያ ሰዎች ሲሮጡ ታዩ። ከበሩ ወዲያ ሁሉም ጆሮውን በሩ ላይ እንደ ለጠፈ ታውቋታል። ሯጮቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ በዕንባዋ ውስጥ ይቀላቀሉባታል።

«የኛ የቱ ነው?» አለች ወደ ወንበሩ ዞራ።

አቧራ የያዘውን መስታወት በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችው። ከዚያ ወንበሩን መከለሏን አይታ ፈንጠር አለችለት።