የሦስተኛው ምድብ ሁለት በረራ

አባቴን በጦርነት ለማሸነፍ የነበረኝ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። ካሸነፍኩት ቤቱን ዘግቶ እኔ ጋ ይገባል፤ ከተሸነፍኩ ነገሩን ዳግመኛ ላላነሳ ቃል ሰጥቻለሁ። ውሉን ያመጣው ራሱ ነው። መታጠቢያ ቤት ወድቆ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ካገኘችው ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ባለቅስበት ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። በመጨረሻ "በቃ፣ በጨዋታው ግጠሚኝ" አለኝ። ምን አማራጭ አለኝ? ተስማማሁ።

ጨዋታው የኮምፒውተር ነው፤ የአየር ጦርነት። ሁለት ደሴት፣ በመሃል ባሕር። እያንዳንዳችን አራት ምድብ አውሮፕላን፣ ጥቂት ራዳር፣ አንድ የነዳጅ ማከማቻና አንድ ወደብ አለን። ጦርነቱ አሥር ቀን ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀን አምስት ደቂቃ ታቅዳለህ፣ ትእዛዝ ታስገባለህ፣ ከዚያ የሁለታችንም አውሮፕላኖች አንድ ላይ ይነሳሉ፤ ለተጠባባቂነት ያስቀረኸውን ግን ጠላት ሲመጣ ልታስነሳው ትችላለህ። ወደቡ የወደመበት ተሸነፈ፤ ሁለቱም ከተረፉ ብዙ አውሮፕላን የቀረው ያሸንፋል። አንድ ክፉ ሕግም አለ። ዛሬ የበረረ ምድብ ነገ ማረፍ አለበት። ሳያርፍ ብታዘው ጨዋታው አይከለክልህም፤ ግን በግማሽ ነዳጅ ይነሳና ባሕር ላይ ይቀራል።

የትኛው እንደበረረ፣ የትኛው እንዳረፈ የሚያሳይ ሰሌዳ በስክሪኑ ጎን አለ። አባቴ የራሱን ዘግቶታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ መቶ አርባ አውቶቡስ በጭንቅላቱ ነበር የሚይዘው፤ የትኛው የት እንደቆመ፣ የትኛው ሾፌር ከየትኛው ትኬት ቆራጭ ጋር እንደተኳረፈ ሳይቀር። "ሰሌዳ ለሰነፍ ነው" ይላል። እኔ አምቡላንስ ነው የማሰማራው። ያለ ሰሌዳ አንድ ቀን ብውል ሰው ይሞትብኛል። በዚህ ጉዳይ ስንቴ እንደተጣላን እሱም እኔም ቆጥረን አንጨርሰውም።

ላፕቶፖቻችንን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጀርባ ለጀርባ አድርገን ጀመርን። የአባቴ ስልት አጭር ነው፤ መጀመሪያ ዓይን፣ ከዚያ ሆድ፣ መጨረሻ ላይ አንገት። ዓይን ራዳር ነው፣ ሆድ ነዳጅ፣ አንገት ወደብ። በአራት ቀን ውስጥ ሁለት ራዳሮቼን አጠፋ። በዚያ ላይ ዳር ያለችውን ትንሽ የራዳር ጣቢያዬን እየነካካ ያስጮኻታል፣ እኔም በጮኸች ቁጥር ተዋጊዎቼን እልካለሁ። እዚያ ስደርስ ማንም የለም፤ እሱ በሌላ በኩል ገብቶ ይመታኛል።

"ስልክ በጮኸ ቁጥር ትሮጫለሽ" አለኝ ከስክሪኑ በላይ እያየኝ። "ይሄ እኮ አምቡላንስ አይደለም፣ ልጄ።"

"አንተ ሥራህን ሥራ" አልኩት። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ጣቢያዋ ስትጮህ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኳት። ተቃጠለች። ነገር ግን ለእሷ እልካቸው የነበሩትን ሁለት ምድቦች የአባቴ ነዳጅ ማከማቻ ላይ አዘነብኳቸው። ግማሹን ጨረስኩለት። "ኦሆ!" አለና እጁን አፋተገ። ደስ ብሎት ነበር፤ እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

በሰባተኛው ቀን ሦስተኛ ምድቡ መጥቶ የእኔን ነዳጅ መታ። በስምንተኛው ቀን ያ ምድብ ማረፍ አለበት። አራተኛው ግን ትኩስ ነው፤ ስለዚህ በአራተኛው ወደቤን ሊመታ ነው ብዬ ተዋጊዎቼን ሁሉ ወደቡ ላይ ሰበሰብኩ። አምስቱ ደቂቃ አለቀ። የቀረችኝ አንዲት ራዳር የሚመጣውን አሳየችኝ። በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሦስት ነው።

ወጥመድ ነው አልኩ። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር በከንቱ አያደርግም፤ ከኋላ የሆነ ነገር አስከትሏል። ተዋጊዎቼን ከመሬት ሳላስነሳ ጠበቅሁ። ከኋላ የመጣ የለም። የሦስተኛው ምድብ አውሮፕላኖች ባሕሩ መሃል ሲደርሱ አንድ በአንድ ከስክሪኑ ጠፉ።

"መታሻቸው እንዴ?" አለ።

"አልነካኋቸውም።"

"ታዲያ ምን ሆኑ?"

"ነዳጅ አለቀባቸው። ትናንት በረዋል እኮ፣ አባዬ።"

"ትናንት የበረረው አራተኛው ነው" አለ። "ሦስተኛው አርፏል። እኔ ነኝ የላክሁት፣ አንቺ ልትነግሪኝ ነው?"

አልጮኸም፣ አልተቆጣም። እርግጠኛ ነበር። አባቴ የሚሳሳት ሰው ሆኖ አያውቅም ማለቴ አይደለም፤ የተሳሳተበት ነገር ግን ዕድሜ ልኩን የሠራው ሥራ ነበር፤ ማን እንደወጣና ማን እንደቀረ ማወቅ።

ዘጠነኛው ቀን ገባ። ሦስተኛው ምድብ ስለጠፋ የአባቴ ወደብ ጠባቂ የለውም፤ የቀሩት ነዳጁን ነው የሚጠብቁት። ሁለት ምድብ ብልክ ይበቃል። ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ይቆጥራል። ከመታሁት ለምን እንደተሸነፈ ይጠይቃል፣ መልሱንም ያገኘዋል። ካልመታሁት ደግሞ በቀረችው የአውሮፕላን ብልጫ ያሸንፋል፤ ኮራ ብሎ፣ ብቻውን፣ ማጥፋቱን ሊረሳ ከሚችለው የጋዝ ምድጃ ጋር እዚህ ይቀራል። ሁለት ጊዜ እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ ሁለት ጊዜ አነሳሁ። በእሱ ተናደድኩ። መውደቁ ሳያንሰው ይሄን እኔን ማሸከሙ አናደደኝ። ጓዳ ገብቼ ላለቅስም አሰብኩ፣ ጊዜ የለም።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አለ። "አዝነሽልኝ እንዳይሆን! በሞቴ፣ እንዲያ እንዳታደርጊኝ።"

ላክኋቸው። ወደቡ ነደደ። ስክሪኑ ላይ አሸናፊ መሆኔ ተጻፈ፤ አንብቤ መጨረስ አልቻልኩም።

"ይሄ ማሽን ያጭበረብራል" አለ አባቴ።

"አያጭበረብርም።"

"ሦስተኛው አርፏል ስልሽ!"

ዞሬ ከጎኑ ተቀመጥኩና የትእዛዝ መዝገቡን በራሱ ላፕቶፕ ከፈትኩለት። ያስገባው ትእዛዝ ሁሉ ከነሰዓቱ እዚያ አለ። በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበ። ቀን ሰባት፣ ሦስተኛ ምድብ፣ ተነሳ። ቀን ስምንት፣ ሦስተኛ ምድብ፣ ተነሳ። አራተኛው ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ጣቱ እዚያ መስመር ላይ ቆየ።

"ይሄ የኔ ትእዛዝ ነው?"

"ያንተ ነው፣ አባዬ።"

ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ከደነው። ከታች የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ይሰማል። ልነካው ፈለግሁ፤ መነካት እንደማይወድ ስለማውቅ እጄን ጭኔ ላይ አደረግሁ።

"ስንት ቀን ትሰጪኛለሽ?" አለ በመጨረሻ።

"እስከ ቅዳሜ።"

"ቅዳሜ ጥሩ ነው። ብቻ አንቺ መጥተሽ ውሰጂኝ።"

"ዕቃ ስለሚበዛብህ?"

"ዕቃማ ምን አለኝ፣ ሁለት ሻንጣ ነው።" ጠረጴዛውን በመዳፉ ጠረገው፤ ምንም የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም። "ወደ አንቺ ቤት የሚሄደው አውቶቡስ… ቁጥሩ ስንት ነበር?"

የሚቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ዓይኑን ሳየው ተውኩት።

"አሥራ ሰባት" አልኩት።

"አሥራ ሰባት" አለ፣ መንገድ የጠፋበት እንግዳ ሰው እንደሚደግመው። "ከየት ነው የሚነሳው?"

መስመር አሥራ ሰባትን ያስከፈተው እሱ ነው። ሥራ የጀመርኩ ዓመት በእግሬ እንዳልሄድ ብሎ ከአለቆቹ ጋር ስድስት ወር ተጨቃጭቆ ነው ያስከፈተው።

"ከዚሁ ነው፣ አባዬ" አልኩት። "ከበርህ ላይ።"