ባለ ስልሳ አምስት ኢንቹ

የእናታቸው ቴሌቪዥን የሞተው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ሥዕሉ ወደ መሃል ተሰብስቦ እንደ ክር ቀጠነ፣ ከዚያ ጠፋ። ጀርባው እንደ ሣጥን ያበጠ፣ ለብቻው ጠረጴዛ የሚፈልግ አሮጌ ዕቃ ስለነበር ማንም አላዘነለትም። ከእናትየው ጋር የሚኖረው ታናሽ ልጅ ግን ወዲያው ለእህቱ ስልክ ደወለና፣ አሁን የሚገዛው ባለ ስልሳ አምስት ኢንች መሆን አለበት፣ ከዚያ ካነሰ ባይገዛም ይሻላል አላት።

እህቱ የሆስፒታል ራጅ አንሺ ነች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አጥንት በስክሪን ላይ ስታይ የኖረች፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ከሐኪሙ ቀድማ የምታገኝ ሴት። ሙያዋ ከሥራ ከወጣች በኋላም አይለቃትም። ሰው ቤት ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው የተላጠው ግድግዳ ላይ ነው፤ ሙሽራ ስታይ የተጣመመው ስፌት ላይ። ባልደረቦቿ ይፈሯታል፤ እሷም መፈራቷን እንደ ማዕረግ ቆጥራው ትኖራለች።

ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትንቀው ወንድሟን ነበር። ወንድሟ ቤት ቀቢ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ቀለም ጠፍቶ አያውቅም። በልጅነቱ በሁሉም ነገር ይከራከር ስለነበር «ሊቁ» የሚል ስም ያወጣችለት እሷ ነች፤ ክርክሩን ከተወ ዓመታት ቢያልፉም ስሙ ግን እንደተጣበቀበት ቀርቷል። ሊቁ በዕድሜው የገዛውን ዕቃ ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች፦ ሁለት ሳምንት ሠርቶ የቆመውን የውሃ ማሞቂያ፣ ሲተኙበት መሃሉ እንደ ጀልባ የሚሰምጠውን ፍራሽ፣ ድምፅ የለውም ተብሎ ተገዝቶ ጎረቤቱን ሁሉ ያማረረውን ማራገቢያ። ስለዚህ ስልሳ አምስት ኢንች ሲላት ሳቋ በአፍንጫዋ ወጣ።

«ሳሎኑ ራሱ ስልሳ አምስት ኢንች ይሆናል?» አለችው።

ሊቁ አልሳቀም። ለእማዬ ትልቅ ነው የሚያስፈልጋት አለ። ለምን ብላ ስትጠይቀው ትልቅ ጥሩ ነው ብሎ መለሰላት። ይህች መልስ ለእሷ የወንድሟ ጭንቅላት ከነጓዙ ተጠቅልሎ የቀረበላት ያህል ነበረች። ገንዘቡ በአብዛኛው ከእሷ ኪስ የሚወጣ በመሆኑ መራጯም እሷ እንደምትሆን ነገረችው፤ ከሰዓት በኋላ ሱቅ በር ላይ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ።

ሱቁ ውስጥ ግድግዳው ሙሉ ቴሌቪዥን ነው። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቀይ ዓሣ ይዋኛል፣ አንድ ዓይነት ብርቱካን ተቆርጦ ጭማቂው ጠብ ይላል። ሻጩ ትከሻው ላይ የጠበበ ሰማያዊ ሱፍ የለበሰ፣ ጫማው እንደ እርሳስ የሾለ ሰው ነው። ገና ሳይቀርባት «ማዘር» ብሎ ጠራት። ራጅ አንሺዋ ከላይ እስከ ታች ገረመመችው፤ የሱ እናት ለመሆን በአሥር ዓመቷ መውለድ ነበረባት።

ሻጩ ፊቷን ሳያይ ቀጠለ። ስለ ቀለሙ ብዛት፣ ስለ ጥራቱ፣ ቴሌቪዥኑ ከስልክ ጋር ስለማውራቱ ዘረዘረ። እጅዎን ቢያስገቡ ዓሣውን የሚይዙት አይመስልም ወይ አላት።

«ዓሣ ልንገዛ አልመጣንም» አለችው። «አንቴና ሰካና ዜና አሳየኝ።»

ሱቁ አንቴና አልነበረውም። ሻጩ ወደ ጓዳ ገብቶ ቆየ፣ ከሌላ ሱቅ ተውሶ መጣ፣ ገመዱ አጠረው፣ ማስረዘሚያ ፍለጋ እንደገና ሄደ። እሷ እጇን አጣጥፋ ስትጠብቅ ሱፉ ጀርባው ላይ በላብ መጥቆሩን እያየች ነበር፤ አላዘነችለትም። ዜናው በመጨረሻ ሲመጣ ልክ እንደጠረጠረችው ሆነ። የማይታወቅ ድርጅት የሠራው ርካሹ ባለ ስልሳ አምስት ኢንች ላይ የዜና አንባቢው ፊት ዝናብ የመታው የካርቶን ሥዕል መሰለ። አጠገቡ የተሰቀለው ባለ አርባ ሦስት ኢንች ላይ ግን ያው ሰውዬ ጥርት ብሎ፣ የሸሚዙ ክር ሳይቀር ይቆጠራል። የሁለቱ ዋጋ እኩል ሊባል ምንም አልቀረውም።

ሊቁ በእኩል ዋጋ ትንሹን መውሰድ ምን ይሉታል አለ። እሷ አስረዳችው፤ ማስረዳት የምትለው ግን ለሰሚው መቀጣት ነው። ይሄ የሚያየው ጥቁር ጥቁር እንዳልሆነ፣ አመድ እንደሆነ፣ ስፋት ማለት ጉድለትን ማስፋት እንደሆነ፣ ይህን ደግሞ በሙያዋ እንደምታውቅ እንጂ ሰው እንዳልነገራት አንድ በአንድ ነገረችው።

እሱ ትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ሄዶ አንድ ክንድ ያህል ተጠግቶ ቆመ። ከዚያ አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ መዳፉን ዓይኖቹ ፊት ደቅኖ፣ በመዳፉ ጠርዝ በኩል እንደ ዶሮ ያይ ጀመር። ወደ ትንሹም ሄዶ እንደዚያው አደረገ፤ ተመልሶም ትልቁን አየ። ሌሎች ገዢዎች ዞር ብለው ተመለከቱት። ሻጩ ከንፈሩን ነክሶ ወደ እህትየው ተጠጋ።

«ምን እያረጉ ነው?» አላት በሹክሹክታ።

«ተወው፣ ሊቅ ነው» አለችው።

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያች ደቂቃ በፊት ሻጩን እንደ ትንኝ ነበር የምታየው፤ ወንድሟ ላይ ለመሳቅ ግን ጥሩ ጓደኛ ሆናት። ሊቁ ሳቁን ሰማ። ጆሮው ቀላ፣ መዳፉን ኪሱ ከተተና እንዳልሽ አላት። እሷ ይህን እንደ ድል ቆጠረችው። ባለ አርባ ሦስት ኢንቹ ታሸገ።

ቤት ሲደርሱ እናታቸው እንደተለመደው መስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሊቁ ካርቶኑን ቀዶ ቴሌቪዥኑን አሮጌው ጠረጴዛ ላይ አቆመው። እናትየው መርቀው አመሰገኑ፣ ግሩም ነው አሉ። ራጅ አንሺዋ ሻይ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠችና ከጣቢያ ጣቢያ እያቀያየረች የዕቃውን ጥራት ታብራራ ጀመር። ሥዕሉ ብቻውን እንዲታይላት ድምፁን አጠፋችው። በዚያ ሰዓት ስክሪኑ ላይ የነበረው ማስታወቂያ ነው፤ አንድ የጭነት መኪና ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣል፣ ሌላ ነገር የለም።

«አየሽ እማዬ፣ እንዴት ጥርት እንዳለ?»

«ቆንጆ ልጅ ነች» አሉ እናትየው። «ቀሚሱም ያምርባታል።»

ለራጅ አንሺዋ መጀመሪያ የመጣላት ንዴት ነበር። እናቷ እሷን ለማስደሰት ሲሉ ሳያዩ የሚያሞካሹ መሰላት፤ እንዲህ ያለ ባዶ ሙገሳ ደግሞ አትወድም። የትኛዋ ልጅ ብላ ጠየቀች።  ሊቁ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ሻዩ ቀዝቅዟል ላሙቀው እያለ ሪሞቱን ሊወስድባት ሞከረ። አልሰጠችውም። ጽዋውን አስቀመጠችና፣ በሥራ ቦታዋ ሐኪሞቹ እንደሚያደርጉት፣ ሁለት ጣቷን እናቷ ፊት ቀጥ አድርጋ ስንት ነው አለቻቸው።

«እጅሽን ከፊቴ አንሺ» አሉ እናትየው። «በሽተኛሽ አይደለሁም።»

ነገሩ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ወጣ። የእናትየው ዓይን የመሃል እይታው ከጠፋ አንድ ዓመት ተኩል ሆኖታል። ፊት ለፊት ያለውን ሁሉ በጥላሸት የተነከረ አውራ ጣት የተጫነበት ያህል ጥቁረት ይሸፍነዋል፤ የሚያዩት በዳር በዳሩ ብቻ ነው። ሊቁ ይዟቸው ሐኪም ዘንድ ሄዷል፤ እህቱ ወደምትሠራበት ሳይሆን ከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለ ክሊኒክ። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረው ግን የሚያዩት ነገር በተለቀና በቀረበ መጠን እንደሚያገለግላቸው ነገራቸው። ስልሳ አምስት ኢንቹ የመጣው ከዚያ ነው። ሊቁ ሱቅ ውስጥ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ በጠርዝ ያየውም እናቱ የትኛውን ማየት እንደሚችሉ ለማወቅ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ራጅ አንሺዋ።

እናትየው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «አንቺ ሰው ስታዪ ቀድሞ የሚታይሽ ጉድለቱ ነው። እኔ ደግሞ ባንቺ ዓይን ጉድለት ሆኜ መታየት አልፈለግሁም። እሱ ባወቀ ቀን ምንም አላለኝም። ወንበሬን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋልኝ፣ በቃ።»

ወደ ወንድሟ ዞረች። ሱቅ ውስጥ አፍ አልነበረህም ወይ ልትለው ነበር፤ አለችውም።

«አስምላኛለች» አለ ሊቁ። «ደሞስ ለማን ልናገር? አንቺና ሰውዬው ትስቁ ነበር።»

 የምትንቀው ሰው ፈለገች። ሻጩን አሰበች፣ ያን የዓይን ሐኪም አሰበች፤ አንዳቸውም አልበቋትም። በየሳምንቱ እዚህ ቤት እየመጣች ከእናቷ ትይዩ ተቀምጣለች። መደርደሪያው ላይ ያለውን አቧራ አይታለች፣ የጽዋውን ስንጥቅ አይታለች፣ ሊቁ የቀባው ኮርኒስ ላይ ብሩሽ ያለፈበትን መስመር አይታለች። እናቷ ሲያነጋግሯት ከጆሮዋ ጀርባ አሻግረው እንደሚያዩ ግን፣ ከወሬዋ መሰላቸት ነው ብላ አልፋዋለች። አጥንት ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የማያልፋት ሴት።

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ቴሌቪዥኑን በታክሲ ጭና ወደ ሱቁ ተመለሰች። ሻጩ ዛሬ ግራጫ ሱፍ ለብሷል። ሲያያት ሻዩን እየጠጣ ነበር፤ ሻዩን ጨርሶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ከዚያ ነው ምን ልታዘዝ ያላት። ካርቶኑ ተቀዷል፣ የተከፈተ ዕቃ አይመለስም አለ። እሷ ልመና አታውቅበትም፤ ስትለምን ድምፅዋ ትእዛዝ የሚሰጥ ይመስላል። ሻጩም ይህን ወዲያው ተረድቶ በደንብ አስለመናት። ባለቤቱን ልጠይቅ ብሎ ሄደ፣ ከጓዳ ሳቅ ተሰማ፣ ቆይቶ መጣ። ሊቀይርላት የሚችለው ለማሳያ የተሰቀለውን ባለ ስልሳ አምስት ኢንች ብቻ ነው፤ ጥጉ ላይ ጭረት አለው፣ ስድስት ወር ሙሉ ሳይጠፋ ዓሣ ሲያሳይ የኖረ ነው። ልዩነት የሚባል ገንዘብ ደግሞ አይመለስላትም።

«ማዘር፣ ጥቁሩ አመድ ነው ብለው አልነበር?» አላት፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ።

«አመድ ነው» አለች። «አውርድና ስጠኝ።»

የጠበበውን ሱፍ አሁንም አየችው፣ አሁንም ናቀችው። ሰው በሁለት ቀን አይለወጥም። ደረሰኙን ተቀብላ ወጣች።

ሊቁ ከሥራ ቀርቶ ይጠብቃት ነበር። ግድግዳውን አስቀድሞ በመርፌ እየወጋ ጠንካራውን ቦታ አግኝቶ በእርሳስ ምልክት አድርጎበታል። መሰላሉን ያዥ አላት፣ ያዘች። ጫማሽን አውልቂ አቧራ ይነሳል አላት፣ አወለቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሰላሉን ያቆምክበት አቋቋም፣ ብሎኑን ያጠበቅክበት አጠባበቅ ትለው ነበር፤ አሁን የምትለው ነገር ጉሮሮዋ ድረስ እየመጣ ተመልሶ ይወርዳል። ይቅርታ ለማለትም ሁለቴ አፏን ከፍታለች። ሁለቴም እሱ ከላይ ሆኖ ብሎን አቀብይኝ አላትና ብሎን አቀበለችው። ሦስተኛ አልሞከረችም፤ እሱም የጠበቀ አይመስልም።

ቴሌቪዥኑ ከተሰቀለ በኋላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው አዩት። ሳሎኑን ውጦታል። መብራት ማብሪያውን ግማሽ ሸፍኖ፣ የበሩን ክፈፍ ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። በቀኝ በኩል ደግሞ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሏል።

«እንዴት ነው?» አለ ሊቁ።

«ጥሩ ነው» አለች ራጅ አንሺዋ።

«ጠማማ ነው» አሉ እናትየው ከወንበራቸው። «በቀኝ ወርዷል።»

ሊቁ ፈጽሞ አልወረደም፣ በውሃ ልክ ነው የለካሁት አለ። እናትየው እኔ በዳር ነው የማየው፣ ዳሩ ደግሞ ጠማማ ነው አሉ። እሱ መሰላሉን እያጣጠፈ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ብሎ እህቱን ጠየቃት።

«ለኔ ቀጥ ብሏል» አለች፤ እያየችው።

ከዚያ ወንበሩን ለሁለት አንስተው ስክሪኑ አፍንጫ ሥር አደረጉት። እናትየው ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለስ አድርገው፣ በዓይናቸው ጠርዝ ቴሌቪዥኑን ያዩት ጀመር። የሚተላለፈው አንድ የውይይት ፕሮግራም ነበር፤ መሪው ረጋ ባለ ወፍራም ድምፅ ስለ መንገድ ጥገና ይጠይቃል። እናትየው አንገታቸውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዘነበሉ። ይህን ሰው አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ሲሰሙት ኖረዋል።

«ይሄ ነው እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። «ድምፁን ሰምቼ ሰው መስሎኝ ነበር። አገጭ የሚባል የለውም።»

ሊቁ አገጭ አለው ብሎ ተከራከረ። እናትየው የለውም አሉ፣ ትንሽ ድምፁን ጨምርልኝ አሉት፤ ራጅ አንሺዋም ከግድግዳው ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ ባዶ እግሯን ዘርግታ፣ አገጭ የሌለውን ሰውዬ እስከ ፕሮግራሙ መጨረሻ አብራቸው አየች።