ውሃ የያዘው ጥግ

ከዲጋ ከተማ በታች ያለው የሩዝ ማሳ ከተተወ አራተኛ ክረምቱን ይዞ ነበር። ግድቦቹን ያሰመረው ባለቤቴ ነው፤ በሕይወት ሳለ የእርሻ ባለሙያ ነበር። ሩዙ አልቀና ብሎ ቀረ። ውሃው በነበረበት ጊዜ ግን ሽመላና ይብራ ይሰፍሩበት ነበር፤ እሱም ሁሉንም በየስማቸው ያውቃቸው ነበር። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ውሃው ቢመለስ ወፎቹም ይመለሱ እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ጉሉማ እስከ መስቀል ጊዜ ሰጡኝ።

«ያኔ ወፍ ካላየሁ ውሃውን ለቅቄ ሽምብራ አዘራበታለሁ» አሉኝ።

ከተማሪዎቼ ጋር የፈረሰውን ግድብ ጠግነን ቦዩን ከፈትን። ውሃው ገባ፤ በማግስቱ የለም። ደግመን ሞላን፤ ደግሞ ሰረገ። በአንድ ጥግ ብቻ ሳይነቃነቅ ቆየ። ለምን እዚያ ብቻ? ቆፍሬ አየሁት፤ እንደ ሌላው ቀይ አፈር ነው።

ከማሳው አጠገብ የሚኖሩትን አሮጊት፣ አዴ ድርቤን ጠየቅኋቸው።

«እዚህ ምን ነበር?»

«ሞናዬ ነበረቻ!»

ሞና መሬቱን እንዲያዳብር ከቦታ ቦታ የሚያዘዋውሩት የከብት በረት ነው። አዴ ድርቤ ባለቤት የሌለው መሬት መስሏቸው፣ ለጎመን አስበው በረታቸውን እዚያ ተክለው ኖሯል። ከብቶቹ ያን ጥግ ረግጠው ረግጠው እንደ ተለሰነ ወለል አድርገውታል።

«ሌላውንም ያስረግጡልኛ?»

«ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ ከብቶቼ ጭቃ ላይ አድረው ሊያስሉ?»

«አይደሩ። ከግጦሽ ሲመለሱ በመሃሉ ይለፉ እንጂ።»

«ጎመኔስ?»

«ግድቡ ላይ ጎደሬ ይትከሉ፤ ውሃ ይወዳል።»

«ወፍሽ ጎደሬዬን የነካች እንደሆነ ድስት ውስጥ ፈልጊያት!» ብለው ሳቁ።

ነሐሴን ሙሉ ላሞቹ እያጉረመረሙ አለፉበት። ውሃው ቆመ። እንቁራሪቶች መጡ፤ ተንሳፋፊ ቅጠል ማሳውን ሸፈነው። ሽመላ ግን የለም።

መስቀል እንዳለፈ ኦቦ ጉሉማ ሁለት የማኅበሩን ሰዎች አስከትለው መጡ።

«እሺ መምህርት፣ ወፉ የታለ?»

አዴ ድርቤ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «እስቲ ዝም በሉ፤ እዚያ!»

አንዲት ቀይ ዳማ ወፍ በቅጠሉ ላይ ሳትሰጥም ትራመዳለች። ግንባሯ ሰማያዊ ነው፤ የእግሯ ጣቶች ከመርዘማቸው የተነሳ ከገላዋ ጋር አይመጣጠኑም።

«ዶሮ ናት» አለ አንዱ።

«የማን ዶሮ ነው ውሃ ላይ የሚሄደው? ጴጥሮስ እንኳ ሰጥሟል!» አሉ አዴ ድርቤ። ሊቀመንበሩ እንዳልሰሙ ሆኑ።

«ስሟ ማነው?» ብለው እኔን ጠየቁኝ።

የሚያውቅ ሰው ነበር ልል አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።

«አላውቅም።»

ኦቦ ጉሉማ ቦት ጫማቸውን አወለቁ፤ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። ወፏ ክንፏን አንስታ ጥቂት ራቅ አለች እንጂ አልሄደችም።

«እንዲህ ያለ ጣት አይቼ አላውቅም» አሉ፤ ከዚያ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው፣ «ሽምብራው በላይኛው ማሳ ይዘራ። ይህቺ ምን እንደሆነች ሳናውቅ ውሃው አይለቀቅም።»

ሰዎቹ ሄዱ። እሳቸው ጭቃው ውስጥ እንደቆሙ ቀሩ።