የበርበሬ ዳኛ

ረቡዕ ረቡዕ የእንደሻው ሥጋ ቤት ይዘጋል። የጾም ቀን ነው፤ ሥጋ ገዢ የለም። መንጠቆዎቹ ባዶአቸውን ይውላሉ፤ ቢላዋው ታጥቦ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። እንደሻው ግን እጁን አጣጥፎ የሚውል ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ አዋዜውን በብልቃጥ ይዞ ከጀጎል ግንብ ውጪ ካለው ቤቱ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ይመጣል። በዚያው ሰዓት ሳምቡሳ ጠብሶ የሚሸጠው ዐብዱናስር ሥራውን ለሚስቱ ለሰዐዲያ ትቶ ከኤረር በር ይነሣል። በእጁ የሸክላ ጣባ ይይዛል፤ በጣባው ውስጥ የጀጎል ሰው ቢስባስ የሚለው፣ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ ሰዐዲያ በድንጋይ የፈጨችው አረንጓዴ ማባያ አለ።

የሚገናኙት በዐብዱልቃዲር ሻይ ቤት ነው። ለምን ረቡዕ ቢባል፣ በጾም ቀን ማዕድ ላይ ሥጋ አይቀርብም፤ ሥጋ ካልቀረበ ደግሞ የክርስቲያን ነው፣ የእስላም ነው የሚል ጥያቄ አይነሣም። ዳቦና ቅቅል ድንች ሃይማኖት የላቸውም። በርበሬም የለውም።

በሁለቱ መካከል የሚቀመጠው ኪዳነወልድ ነው።

ኪዳነወልድ ዕድሜውን በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ፈጅቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። አማርኛ፣ ኦሮምኛና የጀጎልን ቋንቋ ያውቃል፤ ከቋንቋ ይልቅ ግን ፊት ያውቃል። ምስክሩ አፉን ሳይከፍት እውነት ይናገር ይዋሽ እንደሆነ ከጉሮሮው ያነብ ነበር ይሉታል። ሚስቱ ከሞተች፣ ሥራውንም ከለቀቀ ወዲህ፣ ሰው እሱን የሚጠብቅበት ቦታ አንድ ብቻ ቀርቶለታል፤ የረቡዕ ወንበር። ከግድግዳው የተጠጋ፣ ወደ አደባባዩ የዞረ፣ እሱ ባይኖርም ሌላ ሰው የማይቀመጥበት ወንበር ነው። እዚያ ሆኖ የማን በርበሬ እንደበለጠ ይፈርዳል። ፍርዱም ቀልድ አይደለም። የተሸነፈው እስከሚመጣው ረቡዕ አንገቱን ደፍቶ ይሰነብታል፤ ያሸነፈው በገበያ መሐል ሲያልፍ ሰላምታው ይረዝማል።

«በርበሬ እንደ ከተማችን ብዙ በር አለው» ይላል ኪዳነወልድ። «ሚጥሚጣ በከንፈር ይገባል፤ አያንኳኳም። ስናፍጭ በአፍንጫ ነው፤ እንደገባ ይወጣል። ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሲሆን በጆሮ በኩል ይዞራል። የደረቀ ዛላ ግን ሽማግሌ ነው። ሌሎቹ እስኪገቡ ጉሮሮ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከገባ በኋላ አይወጣም።»

ሰሚው «አቤት ምላስ!» ይላል።

ያ ምላስ በርበሬ ከቀመሰ ሁለት ክረምት አልፎት ነበር።

አንድ ሌሊት ደም አስታወከው፤ የሆስፒታሉ ሐኪምም ጨጓራው መቁሰሉን ነገረው። «በርበሬ ካዩ ይሽሹ፤ ካልሸሹ እኔ ዘንድ አይምጡ» አለው። ኪዳነወልድ ከበርበሬው ሸሸ፤ ከወንበሩ ግን መሸሽ አልሆነለትም። እናም ዘዴ አበጀ። በሻይ ቤቱ ደንብ ከዳኛው በፊት ሦስት ሻይ ጠጪዎች ሁለቱንም ማባያ ይቀምሳሉ። እሱ ፊታቸውን ያያል፤ የማን ግንባር ቀድሞ እንዳላበ፣ የማን ዓይን ውኃ እንዳቀረረ፣ ማን ሳቁን አቋርጦ ወደ ብርጭቆው እንደዞረ። ከዚያ ዳቦ ይቆርሳል። አንዱን ጫፍ ያጠቅሳል፣ ሌላውን ጫፍ ይነክሳል፣ የተጠቀሰውንም ቁራሽ አፉን የሚጠርግ መስሎ በመሐረቡ ይጠቀልላል። ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ይፈርዳል። ተሳስቶ አያውቅም።

ቤቱ ፈላና በር አጠገብ ነው። ልጁ ጽጌሬዳ መሐረቡን ከማጠቧ በፊት ታሸተዋለች።

«አባባ፣ ዛሬም በሉ?»

«አልበላሁም።»

«ታዲያ ይኼ ነጭ ሽንኩርት ከሰማይ ወረደ? ቆይ፣ በገዛ እጅዎ ሊቀበሩ ነው የሚፈልጉት?»

እውነቱን ቢነግራት ትስቃለች፤ ከሳቀች ለጎረቤት ታወራለች፤ የጎረቤት ወሬ ደግሞ ከፈላና በር እስከ ፈረስ መጋላ ለመድረስ እግር አያስፈልገውም። ስለዚህ በቤቱ ባልበላው ይወቀሳል፤ በሻይ ቤቱ ባልበላው ይከበራል።

ነገሩ የተበላሸው አዲሱ ዛላ በርበሬ ገበያ በወጣበት ሰሞን ነው። እንደሻው በላይ በላዩ ተሸነፈ። መጀመሪያ ላይ ሽንፈቱን በለመደው ምክንያት አስታመመው።

«እስላሙም ቀማሽ እንዲቀምሰው ብዬ አረቄ ነፈግሁት። አዋዜ ያለ አረቄ ክንፉ የተቆረጠ አሞራ ነው። በውኃ ለውሼው እንዴት ይብረር?»

«አቦ፣ የእኔም በሎሚ ውኃ ነው የተለወሰው» አለ ዐብዱናስር። «ሲበር ግን ታየዋለህ።»

በሚቀጥለው ረቡዕ ግን እንደሻው ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ክዳኑን አልከፈተም። ትልቅ መዳፉን ጫነበት።

«ዛሬ እነዚህ ቀማሾች አይቀምሱም» አለ። «ያ በስተቀኝ የተቀመጠው የሰዐዲያ ወንድም ነው። የእኔን ሲበላ ውኃ የጠጣ ይመስላል፤ ያንተን ሲበላ ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች።»

«ወላሂ፣ ፊቱ ከጥንትም እንደዚያ ነው። እኅቱንም ስትቆጣ አላየሃትም።»

ቤቱ ሳቀ። እንደሻው አልሳቀም።

«ጋሽ ኪዳኔ ብቻቸውን ይቅመሱ። ሌላ ሰው እጁን አይዘርጋ። እንዲህ ያለ ምላስ ያለው ዳኛ ምስክር ምን ያደርግለታል?»

«ይሁን!» አለ ዐብዱናስር። «እኔ የምፈራ መስሎህ ነው?»

ዐብዱልቃዲር ጠረጴዛውን ወለወለ። ዳቦውንና ድንቹን አቀረበ። ብልቃጡ ተከፈተ፤ ጣባው ተገለጠ። ቀዩና አረንጓዴው በኪዳነወልድ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። በሌላ ቀን ሰው የሚያየው ቀማሾቹን ነበር፤ እሱን የሚያየው የለም። ዛሬ የቤቱ ዓይን ሁሉ በእጁ ላይ ዐረፈ። ውጪ የቆመው ባለ ታክሲ ግርማ እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ በበሩ አንገቱን አስገባ።

ኪዳነወልድ ዳቦ ቆረሰ። የአዋዜው ሽታ መጣ፤ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ፀሐይ የጠጣ ዛላ። ከኋላው ደግሞ የሎሚውና የቃሪያው ሽታ ደረሰ። አፉ ምራቅ ሞላ፤ ጨጓራው ተሸማቀቀ። ሰውነቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ሲናገር ሰማው፤ የትኛውን እንደሚተረጉም አላወቀም። ቢቀምስ ሐኪሙ ያለው ይደርሳል። አልቀምስም ቢል ምክንያት ይጠየቃል፤ ምክንያቱን ከተናገረ ያ ሁሉ የረቡዕ ፍርድ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል፣ ወንበሩም የሌላ ሰው ይሆናል።

ዳቦው በጣቶቹ መካከል ቆየ።

«ጋሼ፣ ድንቹ በረደ» አለ አንድ ሰው።

«እንደሻው» አለ ኪዳነወልድ፤ ድምፁ የችሎት ድምፁ ነበር። «የዐብዱናስርን ቢስባስ ቀምሰህ ታውቃለህ?»

«እኔ? ምን በወጣኝ!»

«አንተስ ዐብዱናስር? የእንደሻውን?»

«አዑዙ ቢላህ! የሰው ቅመም መቅመስ ምስጢሩን መስረቅ ነው። ሰዐዲያ ብትሰማ ከቤት ታስወጣኛለች።»

እውነት ነበር። ያን ያህል ዘመን ሲፎካከሩ አንዱ የአንዱን ወደ አፉ አስጠግቶ አያውቅም። የባላንጣውን በርበሬ የቀመሰ ሰው ምን ሊል ይችላል? ቢያደንቅ ተሸነፈ ይባላል፤ ቢያጣጥል ቀና ይባላል። ስለዚህ ሁለቱም የተጣሉበትን ነገር ሳያውቁት ኖረዋል።

ኪዳነወልድ ዳቦውን ወደ ሳህኑ መለሰ።

«በፍርድ ቤት ስኖር አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ባለጋራ የባለጋራውን ቃል ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። እናንተ ሳትደማመጡ ነው እስከ ዛሬ የተካሰሳችሁት። መጀመሪያ አንዳችሁ የአንዳችሁን ቅመሱ፤ ከዚያ እፈርዳለሁ።»

«ጋሼ፣ ይኼ ከደንቡ ውጪ ነው!» አለ እንደሻው።

«ደንቡን ዛሬ ያፈረሰው ማነው?»

«እውነታቸውን ነው፤ አንተ ነህ ያፈረስከው» አለ ዐብዱልቃዲር ከምድጃው አጠገብ። «ብላ እንግዲህ፤ ድንቹን በነፃ አላቀረብኩትም።»

እንደሻው መሸነፍ ከመቅመስ እንደሚከፋ ቆጠረው መሰለ። ግማሽ ድንች አንሥቶ አረንጓዴው ውስጥ ነከረው፤ ጠላት እንደሚነክስ ሰው ነከሰው። ወዲያው ጆሮዎቹ ቀሉ። ግራ ዓይኑ ውኃ አቀረረ፤ ቀኙ ተከተለ። አንድ ጊዜ በአፍንጫው በኃይል ተነፈሰ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፣ ከዚያም ሁሉ ነገር ከፊቱ ላይ እንደ ዝናም አለፈ። ፊቱ ጠራ። ማንም ሳያዝዘው ሁለተኛውን ድንች አነሣ።

ዐብዱናስር ቢስሚላህ ብሎ ትንሽ ቁራሽ አጠቀሰ። አኘከ። ዋጠ። ዙሪያውን አየ። ቅንድቡን አነሣ።

«ይኼ ነው?» አለ። «አቦ፣ ይኼ እኮ ለሕፃን የሚ—»

ድምፁ እዚያ ላይ ቀረ። አፉ መንቀሳቀሱን አላቆመም፤ የሚወጣው ግን ውኃ እንደተቋረጠበት ቧንቧ ነፋስ ብቻ ነበር። እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ። ዓይኑ አላነባም፣ ግንባሩ አላላበም፤ ፊቱ ላይ የሩቅ እንግዳ ድንገት ደጁ ደርሶ ያገኘው ሰው መገረም ብቻ ይታይ ነበር።

ኪዳነወልድ ዓይኑን ጨፈን አደረገ፤ ልማዱ ነው።

«የዐብዱናስር ቶሎ ይገድላል፤ ቶሎም ይምራል» አለ። «የእንደሻው ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣ ግን የባለጋራውን ቃል ይዞ ይሄዳል። ዛሬ የእንደሻው በልጧል። ይግባኝ የሚል አለ?»

ዐብዱናስር ይግባኝ ለማለት ሞከረ፤ ድምፅ አልነበረውም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንደሻው ተነሥቶ የዳኛውን ትከሻ ሳመ፤ ግርማ ከበሩ ላይ አጨበጨበ። በጩኸቱ መሐል የዳኛው ዳቦ ደረቅ እንደሆነ ሳህኑ ላይ መቅረቱን ያየ ሰው አልነበረም።

ኪዳነወልድ በጠባቧ መንገድ ወደ ቤቱ ሲወርድ እግሩ ቀሎት ነበር። ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተጠጋ ለአህያ ያሳልፋል፤ ላገኘው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል። ከወንበሩ ሲነሣ ሁለቱ ሰዎች መብላታቸውን አላቆሙም ነበር። እንደሻው የጣባውን ግድግዳ በዳቦ እየጠረገ ነበር፤ ዐብዱናስርም ድምፁ ሲመለስለት መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ዝንጅብሉ ነው። ኪዳነወልድ ይህን ሁሉ አይቷል። በሌላ ሰው ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይገባው ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ያነበበው የራሱን መትረፍ ብቻ ነው።

የሚቀጥለው ረቡዕ ደረሰ። ልብሱን ቀይሮ፣ ከዘራውን ይዞ፣ በሰዓቱ መጣ። ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ማንም አልደፈረውም። ሰዎቹ ግን አልጠበቁትም። ጣባውና ብልቃጡ በጠረጴዛው መካከል ተቀላቅለው ተቀምጠዋል፤ አንድ ሳህን ላይ ቀዩና አረንጓዴው ጎን ለጎን ፈስሰው ድንበራቸው ጠፍቷል። ሁለቱም እጃቸው እስከ አንጓቸው ተለውሷል።

«ዝንጅብሉን ቀንስ አላልኩህም?» ይላል ዐብዱናስር።

«ቀንሼ ነው እኮ! አንተ መጀመሪያ የሎሚህን ፍሬ ልቀም፤ ይመራል።»

«ሰዐዲያን ሄደህ ንገራት። ወንድ ከሆንክ።»

«አልፈልግም፤ ጥርሴን እወደዋለሁ።»

ኪዳነወልድ ተቀመጠ። እንደሻው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ሰላም አለው፤ ሳህኑንም ወደ እሱ ገፋ አደረገ።

«ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ። እንዳይበርድ።»

ለማንኛውም እንግዳ የሚባል ቃል ነው። ኪዳነወልድ «እግዜር ይስጥልኝ» አለና እጁን ከዘራው ላይ አቆየ። ጥያቄውን ጠበቀ። በአደባባዩ ታክሲዎች መጡ፣ ሄዱ። ዐብዱልቃዲር ተጨማሪ ድንች አመጣ። ቀማሾቹም ዛሬ አልተጠሩም፤ በሌላ ጠረጴዛ ላይ ስለ ጨው ዋጋ ያወራሉ። ጥያቄው አልመጣም።

በመጨረሻ ራሱ ጠየቀ።

«ዛሬ ማን በለጠ?»

እንደሻው አፉ ሙሉ ስለነበር እስኪውጥ ጊዜ ወሰደ።

«ምን መብለጥ አለ፣ ጋሼ?» አለ። «እየበላን ነው እኮ።»

ዐብዱናስር አዲስ ቁራሽ አጠቀሰ። ኪዳነወልድ አየው። የአፍንጫው ጫፍ ጠበብ አለ፤ ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም፣ ግንባሩም ደረቅ ነው። የቃሪያው ሥራ አይደለም፤ ሰዐዲያ ዛሬ ነጭ ሽንኩርቱን አብዝታዋለች። ነገሩ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ታየው፤ ሊናገር ከዘራውን ወደ ጎን አደረገ።

«ነጭ ሽንኩርቱ በዝቷል» አለ እንደሻው፤ እያኘከ።

«እኔም ልልህ ነበር» አለ ዐብዱናስር።

ኪዳነወልድ ዐብዱልቃዲርን በእጁ ጠርቶ ቀጠን ያለ ሻይ አዘዘ። ሻዩ እስኪመጣ ድረስ ፊታቸውን እያየ ቆየ።