ባለምስማሩ ጎማ

በበረዶ አገር፣ በጋስፔ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በባሕሩና በተራራው መካከል በተሸጎጠችው በዚያች መንደር፣ ሰማዩ ካላስፈራራው በቀር የበረዶ ጎማ የሚያስገባ ሰው የለም። ሕጉ ቀኑን ቆርጦ አስቀምጧል፤ ሰው ግን ነገ ነገ እያለ ይቆያል። ከዚያ አንድ ቀን ደመናው እንደ እርጥብ ሱፍ ወርዶ የቤተ ክርስቲያኑን ጫፍ ሲነካ፣ አገሩ በሙሉ ነቅሎ የኦቪላ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ይሰለፋል።

ኤሎዋም በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከተሰለፉት አንዱ ነበር። የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ነው። ቁመቱ እንደ ጥድ፣ ትከሻው እንደ በር ሆኖ፣ ድምፁ ግን የድመት እርምጃ ነበር። ሰው ሰላም ካለው መጀመሪያ ጆሮው ይቀላል፣ ከዚያ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ የሚመጣው ሰላም ያለው ሰው ካለፈ በኋላ ነው። በጸደይ የገዛት ትንሽ ኤስዩቪ መኪና የሐይቅ ቀለም አላት። ከበጋ ጎማ በቀር ሌላ ይዛ አልመጣችም፤ የመጣችበትም ጎማ ጥርሱ አልቆ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሟል። የበረዶ ወራትን አብረው ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ጋራዡ ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ፣ የፖስታ ቤቷ ማዳም አርማንዲን ሹራቧን እየሠራች ተራዋን ትጠብቃለች። ፖስታውን ሳትከፍት ደብዳቤውን ታነባለች ይሏታል። ኤሎዋ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ቦታ እንዳይዝ የፈራ ይመስል ተለጥፎ ተቀመጠ።

ኦቪላ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። መንደሩ በሙሉ አጎት ይለዋል፤ የሥጋ አጎትነቱ ግን ለማንም አይደለም። ጎማ ከመሸጡ በፊት ሁሉንም ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው።

«እሺ አንተ ልጅ፣ መንገድህ የት ነው?»

ኤሎዋ ጆሮው ቀላ።

መንገዱን ማን ያጣዋል? ከበጋው መጀመሪያ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራውን እየተሻገረ፣ ማዶ ባሕረ ሰላጤው ዳር ወዳለው የጭፈራ አዳራሽ ይሄዳል። እዚያ ማርጆሌን አኮርዲዮን ትጫወታለች። እሱ አይጨፍርም። ግድግዳ ተደግፎ ይሰማል፤ ሰው ሲበተን ወንበሮቹን ይደራርባል፣ አኮርዲዮኑን ተሸክሞ ቤቷ በር ድረስ ያደርስላታል። ይኸው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ፣ «ከተራራው ማዶ የሚመጣ ወንድ ሁሉ የበጋ ወፍ ነው፤ በረዶ ሲጥል ክንፉን ዘርግቶ ይጠፋል። አንተንስ እናይሃለን» አለችው። መልሱ የመጣለት ተራራው አናት ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። እዚያ ደግሞ የሚሰማው አልነበረም።

«ልጄ፣ ጎማውን የምመርጠው እኔ ነኝ፤ መንገዱን የምትመርጠው ግን አንተ ነህ» አለ ኦቪላ። «የት የት ትሄዳለህ?»

«ከቤት... እስከ መሰንጠቂያው» አለ ኤሎዋ።

የአርማንዲን መርፌዎች ለአፍታ ቆሙ፤ ከዚያ ቀጠሉ።

ኦቪላ ሁለት ጎማ አንከባሎ አመጣና ከፊቱ አቆመለት። «ይኼኛው ለስላሳ ነው። ላስቲኩ በብርድ አይደርቅም፣ ድምፅ የለውም፣ ሕፃን አስተኝተህ ትነዳለህ። ያኛው ባለምስማር ነው። መስታወት የሆነውን አስፋልት ይነክሰዋል፤ ደረቅ መንገድ ላይ ግን ይንጫጫል። መንደሩን አቋርጠህ ስታልፍ ቄሳችን ሞንሲኞሩም ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ።»

«የሱ መኪና እኮ በአራቱም እግር ትጎትታለች» አለች አርማንዲን። «ምስማር ምን ያደርግላታል?»

«አራት እግር ለመሄድ ነው፣ ማዳም። ለመቆም አይረዳም።»

ኤሎዋ ባለምስማሩን በጣቱ ነካው። ትንንሾቹ የብረት ጫፎች ይቀዘቅዛሉ። ዓይኑ በጎማው ጥርሶች መካከል ገባ፤ እዚያ ውስጥ ሸለቆ አለ፣ ሸለቆው ውስጥ መንገድ አለ፣ በመንገዱ ላይ አንዲት ትንሽ መኪና በነጭ ጭጋግ ውስጥ ትሄዳለች። ከሩቅ አኮርዲዮን ይሰማል። ግን ከመኪናዋም ድምፅ ይወጣል፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መጋረጃ ሁሉ ገለጥ ይላል። ይኸው ሄደ፣ ይላሉ። ይኸው ተመለሰ፣ ይላሉ።

«ለስላሳው ይሁን» አለ።

«ለመሰንጠቂያው መንገድ ከበቂ በላይ ነው» አለ ኦቪላ፤ ድምፁ ውስጥ ግን አንዲት ጠጠር ነበረች። ጥቁሮቹን የብረት ቸርኬዎች አወረደ። ከበጋዎቹ በአንድ ቁጥር ያነሱ ናቸው፤ ጠበብ ያለ ጎማ በረዶውን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ማሽኑ መዞር ጀመረ። አንደኛው ጎማ ቸርኬው ላይ ገባ። ሁለተኛው ተከተለ። ውጭ የመጀመሪያዎቹ ብናኞች፣ መውደቃቸውን ያልወሰኑ ይመስል፣ በመስኮቱ ፊት ወደ ላይ ወደ ታች ይሉ ነበር።

በሩ ተበረገደና ክሎቪስ ገባ። የመንግሥት በረዶ ጠራጊ መኪና ነጂ ነው፤ ጢሙ ላይ ብርድ ተጋግሯል።

«ተራራው ላይ ያለው ጉድ!» አለ። «ሌሊት ዘነበና ያው ዝናብ ረግቶ አደረ። ከሐይቁ እስከ ጠማማው ቁልቁለት መስታወት ነው። ጨው ብበትን ጨው አልበቃው አለ። ምስማር የሌለው ሰው ዛሬ እንዳይሞክራት።»

ክሎቪስ ጓንቱን አውልቆ ዙሪያውን ቃኘ፤ ዓይኑ ባለምስማሩና ግድግዳው ሥር የቆሙት ሦስት መሰሎቹ ላይ አረፈ።

«አጎት፣ በዚህ ቁጥር ሌላ አለህ?»

«ያሉኝ እነዚህ አራቱ ብቻ ናቸው።»

«ይኼ ልጅ ካልፈለጋቸው ለሚስቴ አስቀምጥልኝ። የሷም መኪና እንደሱ ናት።»

ኦቪላ ሦስተኛውን ለስላሳ ጎማ ማሽኑ ላይ አጋደመ። እነዚያ አራቱ ከዚህ በር ከወጡ ዛሬ ተራራውን አያልፍም፤ ዛሬ ካላለፈ ደግሞ ስሙ ማዶ ለዘለዓለም የበጋ ወፍ ነው። ብድግ አለ። አግዳሚው ስለቀለለ አርማንዲን በእሷ በኩል ዝቅ አለች።

«አጎት።»

ማሽኑ ይጮኻል።

«አጎት!» ይህን ያህል ድምፅ ከደረቱ ወጥቶ አያውቅም፤ እሱ ራሱ ደነገጠ። ማሽኑ ቆመ። «መንገዴ... ዋሽቼሃለሁ። መንገዴ ተራራው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ። ማርጆሌን ዘንድ።»

ምድጃው ውስጥ አንድ ግንድ ተሰነጠቀ።

«በመጨረሻ!» አለች አርማንዲን ሹራቧን ጭኗ ላይ ጥላ። «እኔስ አርጅቼ ሳልሞት አልሰማውም ብዬ ነበር!»

«ታውቂ ነበር?»

«የኔ ልጅ፣ አኮርዲዮን ለምትጫወተዋ ሳትጽፍላት የቀረኸውን ደብዳቤ ሁሉ እኔ አውቀዋለሁ።»

«እኔ ደግሞ በጋውን ሙሉ የተራራውን መንገድ ስጠግን ከላይ ሆኜ ሳይህ ከርሜያለሁ» አለ ክሎቪስ። «ጠማማው ላይ ስትደርስ መብራትህን ታበራልኛለህ፣ ከዚያ አንገትህን ትቀብራለህ። ሰጎን!»

«እና... ሚስትህስ? ጎማውስ?»

ክሎቪስን ሳቁ አፈነው። «የቷ ሚስቴ?»

ክሎቪስ ሚስት እንደሌለው መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ኤሎዋም ያውቃል። በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው ከአእምሮው የጠፋው። ኦቪላ ሦስተኛውን ጎማ አነሣ፣ የገቡትንም ሁለቱን ነቀለ። ባለምስማሮቹን ከውስጥ በኩል አዞራቸው፤ አስቀድሞ በነጭ ጠመኔ የኤሎዋ ስም ተጽፎባቸው ነበር።

«የመኪናህ ሆድ ሙሉ የተራራ ጭቃ ነው» አለ። «ግን እኔ ለሰው መንገዱን አልናገርለትም። ተቀመጥ፤ አሁን ይደርስልሃል።»

ከቀትር በኋላ ወጣ። አስፋልቱ መንደሩ ውስጥ ገና ደረቅ ነበር፤ ምስማሮቹም እንደ ሺህ የእጅ ሰዓት ተንጫጩ። መጋረጃ ተገለጠ። አንድ ሰው እጁን አነሣለት። ኤሎዋ ጆሮው እየነደደ መሪውን ጨበጠ፤ የመጨረሻውን ቤት ሲያልፍ ግን ድምፁ ጓደኛ ሆነው። እሱ ያልተናገረውን ሁሉ አንድ በአንድ እየቆጠረ የሚናገርለት መሰለው።

ተራራው ላይ ሰማይና መንገድ አንድ ሆነው ነበር። ጥዶቹ ነጭ ሆነው ቆመዋል፣ ወይም ቆመው ያልማሉ። ሐይቁ ዳር አንዲት አጋዘን መንገዱ መካከል ነበረች። ኤሎዋ ፍሬኑን በቀስታ ረገጠ፤ ምስማሮቹ ነከሱ፤ መኪናዋ እንደታዘዘች ቆመች። አጋዘኗ ጆሮዎቿን ወደ እሱ አዞረችና፣ የምትጠብቀው ሌላ እንደነበረ ሁሉ ቀስ ብላ ጭጋጉ ውስጥ ገባች። ጠማማው ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ከበታቹ መስታወት እንጂ መንገድ አልነበረም። እሱም በመስታወቱ ላይ፣ በሰማይ ላይ የሚሄድ ይመስል፣ ወረደ።

ማዶ በረዶው ገና መነጠፉ ነው። ማርጆሌን አኮርዲዮኗን አቅፋ የአዳራሹ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር።

«ከድልድዩ ጀምሮ ሰማሁህ» አለችው። «ግንደ ቆርቁር መንጋውን ይዞ የመጣ መስሎኝ።»

«ጎማው ነው።»

«በነዚህ ጎማዎች እየተንጫጫህ መንደርህን አቋርጠህ መጣህ? አንተ?»

«ነግሬያቸዋለሁ» አለ።

«ለማን?»

«ለሁሉም። አንቺ ዘንድ እንደምመጣ።»

ማርጆሌን አኮርዲዮኗን ከፈት አደረገች። ከዚያ አንዲት ቁልፍ ብቻ ተጫነች፤ ረጅም ድምፅ በበረዶው ላይ ሄደ።

«እንግዲያው ዛሬ ወንበር የሚደራርበው ሌላ ሰው ይሁን» አለች። «ግባ፣ ብርድ ነው።»

ከኋላቸው፣ ከድልድዩ እስከ ደጃፉ፣ በስሱ በረዶ ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ተሰልፈው ቀርተዋል። ሳትበር በእግሯ የመጣች ወፍ የረገጠችው ይመስሉ ነበር።