በቁሜ የመጣልኝ የአበባ ጉንጉን

ቅዳሜ ጠዋት ግቢዬን ውሃ ሳጠጣ ሁለት ወጣቶች ፊታቸውን አጨፍግገው በሬ ላይ ቆሙ። ልጁ የመኪና ጎማ የሚያህል የአበባ ጉንጉን ታቅፏል፤ ልጅቷ ሾርባ በድስት ይዛለች።

"የኒድያ ቤት ነው?" አለ ልጁ። "ሮኸልዮ እባላለሁ፤ እሷ ማይራ ናት። ዩኒቨርሲቲ አብረን ሙዚቃ እንጫወታለን። አያቷ ዶኛ ኡላልያ ስላረፉ..."

"ዶኛ ኡላልያ እኔ ነኝ። መቼ ነው የቀበራችሁኝ?"

ጉንጉኑን ከጀርባው ሊደብቅ ሞከረ። ዝሆን ከብርጭቆ ጀርባ ይደበቃል?

የልጅ ልጄ ኒድያ ድምፃችንን ሰምታ ወጣች። ስታያቸው ፊቷ አመድ መሰለ። ያኔ ገባኝ። ከኛ በደቡብ የድንበሩ ወንዝና ሜክሲኮ ነው፤ በሰሜን ደግሞ የድንበር ጠባቂዎች ኬላ። ሳን አንቶኒዮ የሚሄድ መኪና ሁሉ እዚያ ይቆማል፤ ጠባቂው የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ይጠይቃል። ኒድያ ወረቀት የላትም፤ በሕፃንነቷ እናቷ አዝላ ነው ወንዙን ያሻገረቻት። ዩኒቨርሲቲው ከኬላው ወዲህ ስለሆነ እንደ ልቧ ትማራለች። ቡድኑ ለውድድር ወደ ሳን አንቶኒዮ በተጠራ ቁጥር ግን አንዴ ጥርሷን ያማታል፣ አንዴ የአክስቷ ሰርግ ይሆናል። ዘንድሮ ተራው የኔ ሆነ።

"ዋሽተሽናል!" አለች ማይራ። "ሮኸልዮ ሌላ አኮርዲዮን ተጫዋች እንፈልግ ሲል፣ ሐዘን ላይ ናት ብዬ የተሟገትኩልሽ እኔ ነኝ!"

አኮርዲዮን የምትጫወተው ኒድያ ናት። አኮርዲዮኗን ከምትቀማ እጇ ቢቆረጥ ይሻላታል፤ አውቃታለሁ።

"ንገሪያቸው እንጂ!" አልኳት። "ለሚቀጥለው ማንን ልትገድዪ ነው? ጎረቤት ልትጀምሪ?"

"ኬላውን ማለፍ አልችልም" አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

የውሃ ጎማዬ የሮኸልዮን ጫማ ሞላው፤ እሱ እቴ፣ አልተሰማውም።

"ይሄ ነው እንዴ?" አለ በመጨረሻ። "እኔኮ ከኛ ጋር መታየት የሚያሳፍርሽ መስሎኝ ነበር።"

"አባቴም አያልፍም" አለች ማይራ። "የወንድሜን ምረቃ በስልክ ነው ያየው። አንቺ ደደብ! ለኔ እንኳ አትነግሪኝም?"

ተቃቅፈው ተላቀሱ። የኔው ልቅሶ መሆኑ ነው እንግዲህ።

"ሳን አንቶኒዮ ይቅርብን" አለ ሮኸልዮ። "ያለ አኮርዲዮን ሄደን ድስት ልንደበድብ ነው? እሁድ እዚሁ ገበያው ላይ እንጫወታለን።"

"የሙዚቃ መምህሩን ለምን ቀረን እንበለው?" አለች ማይራ።

ሦስቱም ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

"ዶኛ..." አለ ልጁ እየተቅለሰለሰ፣ "አንዴ ብቻ ይሙቱልን። መምህሩ ሞትዎን ገና አልሰማም፤ ለሐዘን ቀረን እንለዋለን።"

አይ ድፍረት! ጉንጉኑን ነጥቄ በሬ ላይ ሰቀልኩት።

"ለሦስታችሁ ከሆነ የምሞተው፣ ሾርባውን አሙቁልኝ፤ እየበላሁ ልሙት። አንቺም አኮርዲዮንሽን አምጪ። እኔ ያለ ሙዚቃ አልቀበርም!"