አርባ ምንጭን አምስተኛ አድርገው

1

«አምስተኛ።»

«ለምን አምስተኛ?»

«ስለማትደርስበት። ይትባረክ፣ ወንድሜ፣ አርባ ምንጭ ላንተ ሕልም ነው። ሕልም ደግሞ አንደኛ ላይ አይቀመጥም።»

«ታዲያ ጨርሼ ለምን አላወጣውም?»

«እንዳይከፋህ።»

2

ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ሳልነግርህ መጀመሬን ይቅር በለኝ፤ ነገሩ ራሱ እንዲህ በድንገት ነው የጀመረው። መካሪው ሱራፌል ነው፣ ተመካሪው ይትባረክ። ቦታው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከተዘጋ የጫማ መደብር ፊት ያለው ደረጃ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጥቶ አሁን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙያ ሰሞን ነው። ተማሪው የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይደረድራል፣ ማሽኑ ከውጤቱ ጋር አመዛዝኖ ይመድበዋል። ይባላል። ማሽኑን ያየው የለም።

ሁለቱ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደጉት። አንዱ ታሞ የቀረ ቀን ሌላውን ጎኑን ይበርደዋል።

3

መካከለኛ ተማሪ ማለት፦

ሽልማት ሲሰጥ የሚያጨበጭብ፣ ወላጅ ሲጠራ የማይፈራ።

መምህሩ ስሙን የሚለምዱት ትምህርት ሊዘጋ ሲል የሆነ።

ሲያልፍ «እንዴት አለፈ?» የማይባል፣ ሲወድቅ «እንዴት ወደቀ?» የማይባል።

ይትባረክ እንዲህ ያለ ነበር። በዚያ ላይ ሐሳበኛ። መስኮት ዳር ካልተቀመጠ ትምህርት አይገባውም፣ መስኮት ዳር ከተቀመጠ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። የዘንድሮውን ፈተና በሩ ሊዘጋ ሲል ጎኑን አሹልኮ አለፈ። ሱራፌልም አለፈ፣ ከይትባረክ በሦስት ነጥብ አንሶ።

በሦስት።

4

የምርጫ አሞላል ለመካከለኛ ተማሪ፣ እንደ ሱራፌል አባባል፦

ወረቀትህን ሦስት ቦታ ክፈለው። ላይኛው «ሕልም»፣ መሃለኛው «ልክ»፣ ታችኛው «መውደቂያ»።

የአምናዎቹን ጠይቅ። በስንት ገባህ በለው። የዋሸህ ከመሰለህ እህቱን ጠይቅ።

የአጎትህን ምክር በትሕትና ስማ፣ ከዚያ እርሳው። አጎትህ የተፈተነው በሌላ መንግሥት ነው።

«እግዜር ያውቃል» አትበል። እግዜር ያውቃል፣ ማሽኑ ግን አያውቅም።

ከሁሉ በላይ የሚያውቅ ሰው አማክር።*

* የሚያውቀው ሰው ሱራፌል ነበር። የአምናዎቹን ውጤትና ምደባ አንድ በአንድ ሰብስቦ ስልኩ ላይ አስፍሯል። ያለፈው ሁሉ ደረጃው ላይ እየመጣ ያማክረዋል፣ እሱም ሳይሰለች ለእያንዳንዱ በልኩ ይሠራለታል። አንድ ሻይ እንኳ ከማንም አልጠጣም። ይህን የምጽፈው ልጁን ክፉ አድርጌ እንዳልሥልብህ ነው። የሁሉንም ምርጫ በትክክል ሠርቷል።

ከአንድ በቀር።

5

አርባ ምንጭ ለምን?

ይትባረክ ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር ኮምቦልቻ ወርዶ፣ በአጥር ውስጥ እግር ያለው ነጭ ሣጥን ቆሞ አየ። ሳንቃው ክፍተት ክፍተት አለው፣ ውስጡ ግን አይታይም። «ምንድነው?» አለ። እናቱ ወይዘሮ አስካለ «የአየሩን ነገር የሚያዳምጡበት ነው» አለችው፤ ሰው ከነገራት ይሁን ከራሷ አውጥታ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

የሚያዳምጡበት!

ከዚያ ወዲህ ልጁ ተበላሸ ልበልህ። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ቆሞ ያያል። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ልብስ አስገቡ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል፣ ልክ ያልሆነ ቀን ይሰደባል። ክፍል ውስጥ ስሙ «ትንበያ» ሆነ። የአየር ጠባይ ሳይንስ ሚቲዎሮሎጂ እንደሚባል፣ እሱም አርባ ምንጭ እንደሚሰጥ ሲያውቅ ነገሩ አለቀ። ሌላ ከተማ ለእሱ ከተማ አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚያወራው ለአንድ ሰው ነው። ሱራፌል መጀመሪያ ያላግጥበት ነበር። በኋላ በኋላ ማላገጡን ትቶ መጠየቅ ጀመረ።

6

የይትባረክ ምርጫ፣ በሱራፌል ምክር፦

1ኛ. እዚሁ ደሴ

2ኛ. ወልድያ

3ኛ. ደብረ ብርሃን

4ኛ. ደብረ ማርቆስ

5ኛ. አርባ ምንጭ

አንደኛውን እይልኝ። ከቤቱ እስከዚያ ድረስ በባጃጅ ይደረሳል።

«አንደኛህን ለማይደርስህ ቦታ ካባከንከው፣» አለው ሱራፌል፣ «ማሽኑ ከመሃል አውጥቶ የትም ነው የሚወረውርህ። እኔ እንዳትወረወርብኝ ነው።»

«አንተስ ምን ሞላህ?»

«እኔማ ካንተ በሦስት አንሼ! ያገኘሁትን እልሳለሁ።»

ይትባረክ ስልኩን ይዞ ቤት ገባና ለእናቱ አነበበላት። ወይዘሮ አስካለ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ እግሯን ሳታነሳ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው ልጄ» አለች። «ሱራዬ ይባረክ። አንተ ሰማይ ሰማይ ስታይ እሱ መሬቱን ያይልሃል።»

ላክ የሚለውን የተጫነው የይትባረክ ጣት ነው። ይህን አስምርበት፣ በኋላ ሲያስፈልገው ሌላ የሚከሰው ሰው አላገኘም።

7

ምደባው ወጣ። ኔትወርኩ ጠፋ። መጣ። ጠፋ።

መጣ።

ስም፣ ይትባረክ። የተመደበበት፣ እዚሁ።

ወይዘሮ አስካለ እልል አለች። ጎረቤት «ምን ተገኘ?» እያለ መጣ። ይትባረክ በልቡ ሱራ ልክ ነበር አለ፤ አንደኛዬን አላባከንኩም። ደወለለት።

«ሱራ! የት ደረሰህ?»

«የኔ ገጽ አልከፈት አለኝ።»

«ቁጥርህን ስጠኝ፣ እኔ ላየው።»

«ተወው። ከተከፈተ እነግርሃለሁ።»

8

ለምዝገባ ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ከይትባረክ ፊት ሐያት ቆማለች። የክፍላቸው ልጅ ናት፣ ውጤቷ ከሁለቱም ያንሳል፣ ሳቋ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

«ትንበያ! ዛሬ ይዘንባል?»

«ከሰዓት በኋላ።»

«ወይኔ ጫማዬ! እኔስ ከዚህ ጭቃ ተገላገልኩ። አርባ ምንጭ ሙቀት ነው አሉ፤ ብርድ ልብስ ልያዝ አልያዝ ጨንቆኛል። ሱራ አትያዢ ይላል።»

«ሱራ ምን ያውቃል?»

«አብረን አይደል እንዴ የምንሄደው? ቲኬት አንድ መኪና ላይ ነው የቆረጥነው። ለኔም ሦስተኛ ላይ አስገቢው፣ ለአንቺ ልክ ነው ያለኝ እሱ ነው።» ፊቱን አየችው። «አልነገረህም?»

«ነግሮኛል» አለ ይትባረክ።

«እኔማ ገርሞኝ ጠየቅሁት። ስለ አርባ ምንጭ ያበደው ትንበያ፣ እሱ እንዴት ቀረ? ስለው፣ እናቱን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም፣ ራሱ ነው እዚህ የሞላው አለኝ። ወላሂ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል?»

«ቀጥሎ!» አለ ፎቶ አንሺው። ሐያት ገብታ ወጣች። «ቀጥሎ! አንተ ልጅ፣ ቀና በል። አገጭህን ዝቅ። አሁን ምን ሆነሃል? ዓይንህን ግለጥ እንጂ።»

ብልጭ።

የተማሪ መታወቂያው ላይ ያለው ያ ፊት ነው።

9

አርባ ምንጭን መውሰዱ አንድ ነገር ነው።




እናቱን ሰበብ ማድረጉ?




10

የሆጤ ሜዳ ዳር በሁለቱ መካከል የተባለው፣ እንደተባለ። ማን ራሱን እንደነቀነቀ፣ ማን ድንጋይ እንደረገጠ አልጻፍኩም፤ ብጽፍ ለአንዱ ማድላቴ አይቀርም።

ይትባረክ፦ ስንተኛ ሞላኸው?

ሱራፌል፦ ምኑን?

ይትባረክ፦ ሱራ።

ሱራፌል፦ አንደኛ።

ይትባረክ፦ ከኔ በሦስት አንሰህ።

ሱራፌል፦ በሦስት አንሼ።

ይትባረክ፦ ለእኔ ሕልም ነው አልከኝ።

ሱራፌል፦ ፈራሁ። ከአንድ ትምህርት ቤት ብዙ ሰው አይወስዱም ብዬ ፈራሁ።

ይትባረክ፦ ሐያትን ግን ሙዪ ብለሃታል።

ሱራፌል፦ እሷ ከኔ ታንሳለች።

ይትባረክ፦ ምን?

ሱራፌል፦ አርባ ምንጭን ከሚፈልጉት ውስጥ ከኔ በላይ ያለኸው አንተ ብቻ ነበርክ።

ይትባረክ፦ እኔ ብቻ።

ሱራፌል፦ ምደባው ሲወጣ ነው ያየሁት። ቦታው ለሁለታችንም ይበቃ ነበር።

ይትባረክ፦ አንተ ለመሆኑ ስለ አየር ምን አገባህ? ዝናብ እየመታህ እንኳ ይዘንባል ወይ ብለህ የምትጠይቅ ሰው!

ሱራፌል፦ ያስወደድከኝ አንተ ነህ። በየቀኑ፣ በየቀኑ አርባ ምንጭ። ሙላ ሲሉኝ ሌላ ነገር በልቤ ፈለግሁ፣ አጣሁ። የራሴ የምለው አንድም የለኝም፣ ይትባረክ። ያለኝ ያንተ ነው።

ይትባረክ፦ ለሐያት ስለ እናቴ የነገርካትስ?

ሱራፌል፦

11

የቅሬታ ማቅረቢያ ገጽ ተከፍቷል። ምክንያትህን ምረጥ ይላል፦

□ የጤና ችግር

□ የስም ስሕተት

□ መንትያ ሆኖ ለብቻ መመደብ

ይትባረክ ሦስተኛው ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ገጹን ዘጋው። የመረጠው ራሱ ነው፣ ያገኘውም የመረጠውን ነው፤ ማሽኑ ምን አጠፋ?

አንተ የምታውቀው ምክንያት ካለ እዚህ ጨምርለት፦

□ ....................

12

ለእናቱ አልነገራትም።

ቢነግራት፣ ሱራዬ ይባረክ ያለችበትን አፏን ትረግማለች፤ የቆጡንና የብብቱን ተረት ደግማ አትተርትም፣ ሌሊቱን ሁሉ ስትገላበጥ ታድራለች። ባይነግራት ግን ይኸው እንዲህ ይሆናል፦

ወይዘሮ አስካለ በሶ አስፈጨች። ዳቦ ቆሎ ቆላች። ከደንበኛ የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ፈልጋ የትራስ ልብስ ሰፋች፣ ጠርዙን በነጭ ክር ዘመዘመች። ሁሉንም በአንድ ፌስታል ቋጠረችና ለልጇ ሰጠችው።

«ለሱራ አድርስለት። እንዲህ በለው፦ ባትወልድህም አስካለም እናትህ ናት። ስትደርስ ደውልልን። ለይትባረክ የዋልክለትን ውለታ እግዜር ይክፈልህ። እንዲሁ እንዳልኩህ ነው የምትነግረው፣ አሳጥረህ እንዳታበላሽብኝ።»

«እሺ እማዬ።»

«ድገምልኝ።»

ደገመላት። ቃል በቃል፣ እስከ ውለታው ድረስ።

13

መናኸሪያው ገና ጎሕ ሳይቀድ ሞልቷል። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ፍራሽና ሻንጣ ይጫናል። ሐያት በመስኮት ሁለት እጇን ታውለበልባለች፣ ብርድ ልብሷን ታቅፋ።

ሱራፌል ይትባረክን ሲያይ ወረደ። ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ትመጣለህ አላልኩም።»

ይትባረክ ፌስታሉን አቀበለው። ሱራፌል የትራሱን ልብስ አወጣ። ነጩን ዝምዝማት በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ይህን እጅ ያውቀዋል፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን ስንት ጊዜ ጠግኖለታል።

«ታውቃለች?»



«ማነህ አንተ ባለ ፌስታል! ትገባለህ ወይስ በእግርህ ትመጣለህ?» ረዳቱ በሩን በመዳፉ ደበደበ። ሞተሩ ተነሣ። ሱራፌል አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገ፣ አንዱ መሬት ላይ ቀረ።

«ይትባረክ። መልእክት ሳትሰጥህ አልቀረችም፣ አውቃታለሁ። ምን በለው አለችህ?»

ይትባረክ ቀና ብሎ አየው። እንዲህም አለው፤ ምን እንዳለው አንተ ሙላለት፦

«                                        »